የተነቀሰ ድድ

በሰቆጣ በኩል ባለው በዝቋላ ቆላ ድዷ የጠቆረ ሴት ከታየች፣ የነቀሰቻት የሻሽወርቅ ለመሆኗ ብዙ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ሙያውን የወረሰችው ከአክስቷ ነው። ሹል እሾህ ትመርጣለች፤ ከድስት ቂጥ የፋቀችውን ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ትለውሳለች፤ የልጅቱን ራስ ጭኗ ላይ አስተኝታ ድዷን ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለች። ቁስሉ ሲሽር ጥርሱ በጥቁሩ ላይ እንደ ወተት ይነጣል። «እጇ ቀላል ነው» እያሉ ከሩቅ ይመጡላታል።

የሚመጡት ግን ለውበት ብቻ አልነበረም። ድዷ የሚደማ ሴት ሁሉ መድኃኒቷ የሻሽወርቅ ናት። «ድድ የሚደማው ስለላላ ነው፤ ሲነቀስ ይጠናል» ትላለች። እንዳለችውም ደሙ ለጥቂት ወራት ይታገሳል። ስታሰናብታቸው አንድ ምክር ትጨምርላቸዋለች፦ «መፋቂያ አታስጠጊው። የሚደማ ነገር አይነካካም።»

ይህን ምክር ከሁሉ አጥብቃ የያዘችው የገዛ ልጇ እታገኝ ናት።

እታገኝ ድዷ መድማት የጀመረው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ነቀሰቻት። የበኩር ልጇን በወለደች ጊዜ ደሙ ተመለሰ፤ እናቷ ደግማ ነቀሰቻት። ከዚያ ወዲህ ደሙን ትታ ሌላ ሌላውን መደበቅ ያዘች። አፏ ይሸት ጀመር፤ ከሰው ጋር ስታወራ ነጠላዋን ወደ አፏ ትስባለች። ጥርሶቿ ከድዳቸው እየወጡ ረዘሙ። ቆሎ ተወች። ባሏ ቅጣው ሲጠይቃት «ጥርሴን ያጠርሰኛል» ብቻ ትለዋለች። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲሆናት፣ አንድ ቀን የማሽላ ቂጣ ስትገምጥ የፊት ጥርሷ ከቂጣው ጋር ወጣ።

መዳፏ ላይ አድርጋ ለእናቷ አሳየቻት።

«አላመመኝም» አለች።

የሻሽወርቅን ያስደነገጣት ይኸው ነበር። ሳያም የሚወልቅ ጥርስ አይታ አታውቅም። መጀመሪያ የሰው ዐይን ነው አለች፤ ሰባት ቀን ጠበል አስጠመቀቻት። በሰባተኛው ቀን አጠገቡ ያለው ጥርስ በምላስ ሲነኩት ይወዛወዝ ጀመር። ያን ጊዜ ቅጣው፣ «ሰቆጣ የጥርስ ሐኪም አለች ይባላል፤ በቃ ይውሰዷት» ብሎ ቁርጡን ተናገረ። እናትና ልጅ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው እስከ መኪናው መንገድ ድረስ በእግር ወረዱ፤ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው ማምሻውን ሰቆጣ ገቡ።

ሐኪሟ ፍቅርአዲስ የምትባል፣ ድምፀ ለስላሳ ወጣት ናት። በማግሥቱ እታገኝን አጋድማ በጥርሷና በድዷ መካከል ቀጭን ብረት አስገባች። ብረቱ ገባ፣ አሁንም ገባ። ደም ተከተለው፣ ከደሙም መግል። ሐኪሟ ከጥርስ ወደ ጥርስ አለፈች። ከዚያ ራጅ አንሥታ አሳየቻቸው።

«አጥንቱ እስከዚህ መድረስ ነበረበት» አለች በእስክሪብቶ ጫፍ እያመለከተች። «የእሷ እዚህ ነው የቀረው። ጥርስ የሚተከለው ድድ ላይ አይደለም፤ አጥንት ላይ ነው። ምግብ ጥርስ ላይ ይቀራል፣ ያድፋል፣ እድፉ ካልተጠረገ ድንጋይ ይሆናል። ድዱ ከዚያ ድንጋይ ይሸሻል፣ አጥንቱም አብሮ ይሸሻል። መድማቱ የመጀመሪያው ምልክት ነበር። ምነው እስከዛሬ ዝም አልሽ?»

«አያምም ነበር።»

«አዎ፣ አያምም። ክፋቱ ይሄ ነው። የታመመ ድድ ይቀላል፣ ያብጣል፤ ሌላ ሰው እንኳ አይቶ ይነግርሻል። የአንቺ ግን ጠቁሯል፤ መቅላቱን ማን ይየው? ማነው እንዲህ ደጋግሞ የነቀሰሽ?»

የሻሽወርቅ አፏን ከፈተች። እታገኝ ቀድማ በቤታቸው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ «ዝም በይ» አለቻት፤ ወደ ሐኪሟ ዞራ ደግሞ በአማርኛ፣ «አንዲት ዟሪ ሴትዮ ናት። ሞታለች» አለች።

የሻሽወርቅ ወደ ሐኪሟ ጠጋ አለች። «በሽታውን ያመጣው ንቅሳቱ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አይደለም፣ እናት። እሾሁ ያቆስላል፤ ከአንዷ ወደ ሌላዋም በሽታ ሊያሻግር ይችላል። ይሄን ግን እሱ አላመጣውም፤ ሸፈነው እንጂ።»

የሻሽወርቅ ትንፋሿ መለስ አለላት። ሐኪሟ ግን አልጨረሰችም ነበር።

«የጎዳት አለመፋቋ ነው። የሚደማ ድድ ይበልጥ ነው የሚጸዳው፤ በስሱ፣ በየቀኑ። በጊዜው ታጥቦ ቢሆን ኖሮ ይቆም ነበር። አትፋቂ ያላት ማነው?»

እታገኝ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

የዚያን ቀን አምስት ጥርስ ተነቀለ። የቀሩት ከድዱ ሥር ተፍቀው ታጠቡ፤ በየሦስት ወሩም እየመጣች እንድትታጠብ ተነገራት። «የሄደው አጥንት አይመለስም» አለች ሐኪሟ፤ «አሁን የምንጠብቀው የቀረውን ነው። ብትቀሪ እሱም ይሄዳል።» በወለቁት ፈንታ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዳለ እታገኝ ጠየቀች። እዚህ አይሠራም፣ ደሴ ወይ ባሕር ዳር ነው አለቻት። እታገኝ ራሷን ነቀነቀች፤ ባሕር ማዶ ያሏት ያህል ነበር።

ሲመለሱ፣ ዳገቱ ላይ አረፍ ባሉበት፣ የሻሽወርቅ ልጇን ጠየቀቻት።

«ለምን ሞታለች አልሻት?»

እታገኝ አፏ በጥጥ እንደተሞላ፣ «ምን ልበላት? ይቺውልሽ፣ አጠገቤ ተቀምጣለች ልበላት?»

«አዎ! እንደሱ ማለት ነበረብሽ።»

«ብላትስ? ጥርሴ ይመለሳል?» ደም ተፋችና በጫማዋ አፈር መለሰችበት። «እናቴ፣ እኔ አልተቀየምኩሽም። ተነሺ፣ ይመሽብናል።»

ብትረግማት ይሻል ነበር። የሻሽወርቅ የቀረውን መንገድ «እጄን በቆረጠው» እያለች ተጓዘች።

እቤት ከገቡ በኋላ የቀሩት ጥርሶች ይበልጥ ተወዛወዙ። ሐኪሟ አስቀድማ ነግራቸው ነበር፤ ደግፎ ያቆማቸው ያ ድንጋይ ስለነበር እሱ ሲነሣ ለጊዜው ይላላሉ ብላ። ጎረቤት ግን «ሐኪም ነካክታ ጣለችው» አለ። እታገኝም እያደር ያንኑ አመነች። ሦስት ወሩ ሲሞላ፣ «አልሄድም። የቀረውም በራሱ ጊዜ ይውደቅ» አለች። እናቷ ለመነቻት፤ ቅጣው ተቆጣ። እሷ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፍየሎቿን ልታግድ ወጣች።

የሻሽወርቅ ብቻዋን ሰቆጣ ሄደች። ሐኪሟ አወቀቻት።

«ልጅዎስ?»

«አልመጣም አለች። መድኃኒት ስጪኝና ልውሰድላት።»

«እናት፣ ይሄ በመድኃኒት አይሆንም። እሷ መምጣት አለባት።»

የሻሽወርቅ አልተነሣችም። መሬት መሬት እያየች፣ «ነቃሿ እኔ ነኝ» አለች። «አትፋቂ ያልኳትም እኔ ነኝ።»

ፍቅርአዲስ ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች። «ስንት ሰው ነቅሰዋል?» አለች።

«ማን ቆጥሮት።»

«እንግዲያው ለእነሱ ይንገሯቸው። ለአንዳንዱ ገና ሊደረስ ይችላል።»

ነገረቻቸው። በየደጁ እየሄደች አፍ አስከፈተች፤ የሦስት ሴቶች ጥርስ በጣቷ ሲነካ ተነቃነቀ። አንዷ አለቀሰች፤ ሁለቱ፣ ልጇ ስለታመመችባት ነው ብለው አዘኑላት። ሰቆጣ የሄደች አንድም አልነበረችም። ዝናሽ የምትባለው ጎረቤት ልጇን ልትድር ስትል ለንቅሳት ይዛት መጣች። የሻሽወርቅ እምቢ ስትላት ተቆጣች።

«የራስዎን ልጅ ሁለቴ ነቅሰው የእኔን ይከለክሉኛል? ልጄ እንደ ሕፃን ቀይ ድድ ይዛ ትዳር?»

«ዝናሽ፣ የእኔን ልጅ አፏን አይተሻል?»

«አይቻለሁ። እሷን የጣላት ሐኪም ነው» አለችና ልጅቱን ወደ ጎረቤቱ ወረዳ ወደ ፃግብጂ፣ ሌላ ነቃሽ ዘንድ ወሰደቻት።

ሁዳዴ ሲፈታ እታገኝ ከላይ አራት፣ ከታች ሁለት ጥርስ ቀርቷት ነበር። ልጆቿ የምትለውን ደግመው ይጠይቋታል፤ ድሮ ትቆጣቸው ነበር፣ አሁን ንግግሩን ትታዋለች። የዝናሽ ልጅ ሰርግ ቀን ከበሮው እስከ እነሱ ደጅ ይሰማ ነበር። ቅጣው ልጆቹን ይዞ ሄደ። እናትና ልጅ እቤት ቀሩ። የሻሽወርቅ የአብሽ አጥሚት አፍልታ፣ አቀዝቅዛ ሰጠቻት። እታገኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መጠጣት ጀመረች፤ እናቷም ስትጠጣ ላለማየት ወደ ደጅ ወጣችላት።