የሃክኒው ጅብ

መርዕድ ሃክኒ በሚባል የፈረንጅ አገር ሰፈር ውስጥ ሚስስ ሃርዲንግ ከሚባሉ ባልቴት ቤት አንድ ክፍል ተከራይቶ ሦስት ዓመት ኖሯል። እሱ ፎቅ፣ እሳቸው ምድር ቤት። ጠዋት ዌምብሊ ወዳለው መጋዘን ካርቶን ሊያነሣ ሲወጣ "ጃኬትህን ቆልፍ" ይሉታል። ሥራ ውሎ ሲገባ "መጣህ?" ይሉታል። ከዚህ የዘለለ ብዙም ወሬ አልነበራቸውም።

በፈረንጆቹ 1994፣ ኦክቶበር አጋማሽ ላይ፣ አንድ ቅዳሜ በሩን አንኳኩ።

"ወደ ጓሮ ና እስቲ፤ የማሳይህ ነገር አለ።"

ጓሮ ካለችው የእንጨት ዕቃ ቤት አንድ ትልቅ ሣጥን አስወጡት። ባላቸው ዋልተር ካናዳዊ ነበሩ፤ በጦርነቱ ጊዜ ወታደር ሆነው መጥተው በሳቸው ምክንያት እዚሁ ቀሩ። ካገራቸው ይዘውት የመጡት አንድ ልማድ ቢኖር ሃሎዊን ነው። በየዓመቱ ኦክቶበር ሠላሳ አንድ ቀን የፊት ለፊቱን ግቢ በሚያስፈራ ነገር ይሞሉታል፤ የሰፈሩ ልጆች ሊደነግጡና ከረሜላ ሊቀበሉ ይመጣሉ። ዋልተር ያረፉት በዚያው ዓመት ፀደይ ላይ ነው። ሣጥኑ ሲከፈት ነጫጭ አንሶላዎቹን አይጥ በልቷቸዋል፤ የካርቶኑን አጽም ሻጋታ ጨርሶታል።

"አገርህ ሳለህ ለቴአትር ቤት ነገር እሠራ ነበር አላልከኝም?" አሉት።

"የመድረክ ዕቃ። ዙፋን፣ ጋሻ፣ የአንበሳ ራስ... ድሮ ነው እሱ፤ እጄ ከተወው አሥራ ሁለት ዓመቱ።"

"ዘንድሮ ግቢው ባዶውን እንዲውል አልፈልግም" አሉ ሚስስ ሃርዲንግ።

መርዕድ ላስብበት ብሎ ወጣ፤ ዋይት ሲቲ ለምትኖረው ለአክስቱ ልጅ ለዕፀገነት ደወለላት።

"ሃሎዊን? አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም?" አለች። "እኔ እኮ ያን ቀን መጋረጃ ዘግቼ ነው ከልጆቼ ጋር የምቀመጠው። አንተ ደግሞ ለአጋንንት ግቢ ልታስጌጥ?"

"ባላቸው ሞተውባቸው ነው፣ ዕፀዬ።"

"እግዜር ያጽናቸው። ታዲያ አጽናናቸው እንጂ ማስፈራራቱን ምን አመጣው!"

በማግሥቱ እምቢ ሊል ወረደ። ሚስስ ሃርዲንግ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘጠኝ ዱባ ደርድረው አንዱን ታቅፈዋል። በትንሽ ቢላዋ የሃሎዊን ፋኖስ እንዲሆን አፍ ሊያወጡለት ይታገላሉ።

"ዱባ እኮ ይበላል" አለ መርዕድ፣ ደንግጦ።

አሮጊቷ ሣቁ። ፀደይ ካለፈ ወዲህ ሲሥቁ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ቢላዋውን ተቀበላቸውና ዱባዎቹን አንድ ባንድ ፈለፈለ፤ የወጣውንም በበርበሬ ቀቀለው። ሚስስ ሃርዲንግ ሦስት ብርጭቆ ውኃ እየጠጡበት ጨረሱት። ከዚያ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣

"አንተስ በልጅነትህ ምን ነበር የምትፈራው?" ሲሉ ጠየቁት።

መርዕድ ለማንም ያልነገረውን ነገራቸው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ አንኮበር፣ አንድ ምሽት ጥጆቹ ሲደነብሩ በአጥሩ ሽንቁር አጮልቆ ያያል። ከሽንቁሩ ወዲያ፣ አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት፣ ጅብ ቆሞ ያየዋል። አልሸሸም፤ አልዘለለም፤ ዝም ብሎ አየው። ከዚያ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ዞሮ ሄደ። መርዕድ ሁለት ቀን አፉ ተያዘ።

"ጅብ አይቼ አላውቅም" አሉ ሚስስ ሃርዲንግ። "እሱን ሥራልኝ።"

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሥራ መልስ ዕቃ ቤቷ ውስጥ ተከተተ። አጥንቱን ከእንጨት፣ ሥጋውን ከዶሮ ማጎሪያ ሽቦ አበጀው። አሮጌ ጋዜጣ ቀዶ በዱቄት ሙጫ እየነከረ ሽቦውን አለበሰው። መጀመሪያ ውሻ ሆነበት፤ አፈረሰው። ቀጥሎ አህያ መሰለው፤ ያንንም አፈረሰው። በሦስተኛው እጁ አስታወሰ። ትከሻው ከፍ፣ ወገቡ ዝቅ፣ የኋላ እግሮቹ ያነከሱ ይመስል እጥፍ፣ አንገቱ ወፍራም፣ ራሱ ወደ መንገዱ ዞር ያለ። ሚስስ ሃርዲንግ የዋልተርን የክረምት ካፖርት አምጥተው ሰጡት። ባለጠጉር ነው። መርዕድ ሳስቶለት መቀስ አላስነካም ቢል "ቁረጠው፤ እሱ ራሱ ይቆርጠው ነበር" አሉት። ለዓይኖቹ የአረንጓዴ ጠርሙስ ቂጥ ቆርጦ ከኋላቸው የእጅ ባትሪ ሸጎጠ።

ቀኑ ሰኞ ዋለ። ፈረንጆቹ ለክረምቱ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ከመለሱ ወዲህ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጨልማል። መርዕድ ጅቡን ከቁጥቋጦው ሥር አቆመው፤ ዱባዎቹን ውስጣቸው ሻማ አብርቶ በመሬቱ ላይ በተናቸው። ባትሪዎቹን አበራ። ከዚያ ከመንገድ ዳር ምን እንደሚመስል ቼክ ላድርግ ብሎ በበሩ ወጣ፤ ተሻገረና ዞር አለ።

ሽቦው ጠፍቷል። ጋዜጣው፣ ሙጫው፣ ካፖርቱ ጠፍቷል። የዱባዎቹ ብርሃን ሲርገበገብ የጅቡ ጎን የሚተነፍስ ይመስላል። ሁለቱ አረንጓዴ ዓይኖች በጨለማው መሐል መርዕድን ያዩታል፤ ያኔ እንዳዩት፣ ሳይቸኩሉ። ሳያስበው አማተበ። ግን ሽሽ የሚል ፍርሃት አልነበረም፤ ቤተ መቅደስ ደጃፍ ላይ ጫማ የሚያስወልቅ ዓይነት ነገር ነበር። "እኔ ነኝ ይህን የሠራሁት?" አለ ድምፅ አውጥቶ፣ ባማርኛ።

ልጆቹ መጡ። የጠንቋይ ልብስ የለበሱ፣ አንሶላ የተከናነቡ፣ ፊታቸውን በቀይ ቀለም የነከሩ፣ እየጮኹና እየተገፋፉ መጡና በሩ ላይ ሲደርሱ ጸጥ አሉ። አንድም የገባ የለም። አንድ ሰውዬ ውሻውን እየጎተተ ሲያልፍ ውሻው ጠጉሩ ቆመ፤ አስፋልቱ ላይ ተኛና አልነሣም አለ። ወላጆች ከየቤታቸው ወጡ። የአውቶቡሱ መንገድ ከሩቅ ሲያጓራ ይሰማል እንጂ በዚያች መንገድ ላይ የሚናገር ሰው ጠፋ።

ሚስስ ሃርዲንግ ከረሜላውን በቅርጫት ይዘው ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ዋልተር በአርባ ምናምን ዓመት ውስጥ ብዙ ልጅ አስጩኸዋል፤ መንገዱን እንዲህ ዝም ያሰኙበት ቀን ግን አልነበረም።

በመጨረሻ አንዲት አራት ዓመት የማይሞላት፣ የወረቀት ክንፍ ያሰረች ሕፃን የእናቷን እጅ ለቀቀች። በበሩ ገባች። በዱባዎቹ መሐል አልፋ ከጅቡ ፊት ቆመች፤ እጇንም አፍንጫው ላይ አሳረፈች።

"ምን ብሎ ነው የሚናገረው?" ስትል ጠየቀች።

ሁሉም ወደ ሚስስ ሃርዲንግ አየ። እሳቸው ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ወደቆመው ወደ መርዕድ አዩ።

መርዕድ ለዚህች አገር ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ አያውቅም። ይቅርታ እያለ፣ አመሰግናለሁ እያለ፣ በለሆሳስ ነው የኖረው። አሁን ግን ሁለት እጁን አፉ ላይ ከበበ፤ አንገቱን ወደ መሬት ደፋ፤ ከሆዱ አወጣው። ዝቅ ብሎ የሚጀምር፣ እየረዘመ፣ እየረዘመ ሄዶ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ የሚታጠፍ፦ "ኡኡኡኡ-ዊ!"

ድምፁ በጡብ ቤቶቹ መሐል ሄዶ ተመለሰ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ክንፍ ያሰረችው ሕፃን አንገቷን ደፋችና ባላት አቅም "ኡኡ-ዊ" አለች። ከበሩ አጠገብ ያለው የጠንቋይ ልብስ የለበሰ ልጅ ተከተላት። ከዚያ ሁሉም። ወላጆች፣ ውሻ ጎታቹ ሰውዬ፣ ሚስስ ሃርዲንግ ሳይቀሩ ቅርጫታቸውን እንዳቀፉ አንጋጠው "ኡኡኡ-ዊ!" አሉ። ከማዶ ካሉት ቤቶች አንዱ መለሰ። ከጎን መንገድ ሌላ መለሰ። ድምፁ ከደጃፍ ደጃፍ እየተቀባበለ ወደ ባቡር ሐዲዱ ወረደ። መርዕድ አስፋልቱ መሐል ቆሞ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ያዳምጥ ነበር።