ጠበል ገብቷል

እኔ አልዋሽም። ይህን ስል ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ጎንደር ግቢ ስገባ አንድ ዶርም የደረሰችኝ ምስጢር የምትባል የባሕር ዳር ልጅ፣ መጀመሪያ ስትሰማኝ አልጋዋ ላይ ተንከባልላ ነው የሳቀችው። «እና እንዴት አድርገሽ ልትኖሪ ነው?» አለችኝ። እስከ ዛሬ እንደኖርኩት ነዋ፤ ከኮሶዬ ስለወረድኩ ምላሴን አልቀይርም አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ ዓይናዲስ መሆኑ ቀርቶ «መነኩሲት» ሆነ።

ይህን ያስያዘኝ አባቴ ነው። አባቴ የሻው ገብስና ድንች የሚያርስ ሰው ነበር፤ ቃል አያባክንም። እኔም በእሱ ወጣሁ። አይከል ከተማ አክስቴ ዘንድ የሚኖሩት የአባቴ እናት፣ እማሆይ ወለተሩፋኤል፣ ነገር ሲምታታባቸው «ዓይናዲስን ጥሩልኝ፣ እሷ አትዋሸኝም» ይሉ ነበር። በዚህ እኮራ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

ወደ ጎንደር የመጣሁ ቀን አባቴ ኩላሊቱን ታሞ ነበር። ፊቱ አባብጦ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ እያረፈ እያረፈ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኘኝ። አልሄድም ብዬው ነበር። አንተን እንዲህ አድርጌ የትም አልሄድ፣ ትምህርቱ ለከርሞም ይደርሳል ብዬ ጠዋቱን ሙሉ አልቅሻለሁ። እሱ ግን ቀስ ብሎ፣ «ዓይኔ፣ እዚያ ስንት ዓይነት ሰው ትገጥሚያለሽ። ጾምሽን ጹሚ፣ ጸሎትሽን አድርሺ። ከሁሉም ከሁሉም ግን አትዋሺ። የሚዋሽ ሰው ጾሙ ባዶ ረሃብ ነው» አለኝ።

«ቢብስብህ ትነግረኛለህ?» አልኩት።

«እነግርሻለሁ።»

«ሳትደብቀኝ?»

«ምነው፣ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»

አያውቅም። ስለዚህ ማኪናው ውስጥ ገባሁ። ስንንቀሳቀስ በመስኮቱ እያየሁት በልቤ ለሥላሴ ተሳልኩ። አባቴን ከማርክልኝ ለደጅህ ጃንጥላ አስገባለሁ አልኩ።

ግቢ ለእንደኔ ዓይነቱ ይከብዳል። እንግሊዝኛው ገና ከበሩ ላይ ነው የሚመታህ። መምህሩ ይናገራል፣ ሰው ይጽፋል፣ እኔ የመምህሩን ጫማ አያለሁ። የመጀመሪያው የሎጂክ ፈተና ላይ ምስጢር ከኋላዬ ተቀምጣ ወንበሬን በእግሯ ስትነካካ ቆየች። ወረቀቴን ዘወር አላደረግሁላትም። አኮረፈችኝ። ይባስ ብሎ ግማሹ ክፍል ከስልኩ ገልብጦ ከእኔ በላይ ሲያመጣ አንጀቴ አረረ። ቢሆንም ነጠላዬን ለብሼ ስጸልይ የማፍርበት ነገር አልነበረኝም። የያዝኩት ይህችኑ ነበር፦ አልዋሽም፣ ጾሜን አልሽርም፣ አባቴም አይሞትም። ሦስተኛይቱን ማንም ቃል አልገባልኝም፤ እኔው ነኝ የጨመርኳት።

ምስጢርም ሰነባብታ ታረቀችኝ። ረቡዕና ዓርብ ከካፌ ተርፎ የመጣ እንቁላል ፊቴ ላይ እየበላች፣ «መነኩሲት፣ ሽታውንስ ይፈቀዳል?» ትለኛለች። እስቃለሁ። ወዲያው ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለእኔም ጸልዪልኝ፣ ማትሱ ሊገድለኝ ነው» ትለኛለች። እጸልይላት ነበር።

ታኅሣሥ ላይ የአባቴ ስልክ አልነሣ አለ። ታላቅ ወንድሜ አንዱዓለም ጋ ደወልኩ።

«ጠበል ገብቷል» አለኝ። «ሱባኤ ይዟል። እዚያ ስልክ አያስገቡም።»

ደስታዬን ልንገራችሁ? አባቴን ጠበል ግባ ብዬ ያልለመንኩት ቀን የለም፤ በሬዎቹን ለማን ጥዬ ይለኝ ነበር። እሺ አለልኝ ብዬ እዚያው ካፌው ደጃፍ ላይ ዘለልኩ። ልምጣና ልየው ስል አንዱዓለም መንገዱ አስተማማኝ አይደለም፣ ደግሞም ሱባኤውን ትበጠብጪበታለሽ አለኝ። እውነቱን ነው አልኩ። ሱባኤ የያዘ ሰው አይረበሽም። በደወልኩ ቁጥር አንዱዓለም ወሬ ይጨምርልኛል፤ ዛሬ እብጠቱ ጎደለ፣ ዛሬ በሶ ጠጣ፣ ዛሬ ስምሽን ጠራ። ስሜን ጠራ አለኝ እኮ። ምነው ያን ጊዜ ምላሱን ባሰረው።

የሴሚስተሩ ፈተና ሲቃረብ ግን ልቤ አልቆም አለ። ድምፁን ሳልሰማ አልፈተንም፣ ሁሉንም ጥዬ እመጣለሁ አልኩት አንዱዓለምን። ከዚያ፣ «ድኗል፤ ተነሥቷል። ተፈተኝና ነይ፣ ታገኚዋለሽ» አለኝ። ድምፁ ሲንቀጠቀጥ የደስታ መስሎኝ አብሬው አለቀስኩ።

ስእለት አይታደርበትም። የጥር ሥላሴ ዕለት ከፒያሳ የገዛሁትን ጃንጥላ ይዤ እዚያው ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድኩ። ቀይ ከፈይ ነው፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው። ያቺ ምስጢር እንኳ ሳትቀር ነጠላ ተውሳ አጀበችኝ። ካህኑ ጃንጥላውን ተቀብለው፣ «ምን ተደርጎልሽ ነው፣ ልጄ?» ሲሉኝ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አባቴ ወልደ ሥላሴ ታሞብኝ ነበር፤ ድኖልኛል» አልኩ፤ በክርስትና ስሙ ነው የጠራሁት። ሕዝቡ እልል አለ። እኔም ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እልል አልኩ። አባቴ ያን ጊዜ አፈር ከለበሰ ሰንብቷል።

ፈተናው እንዳለቀ አንዱዓለም ራሱ ሊወስደኝ ጎንደር መጣ። ጢሙ አድጓል። «ምነው እንዲህ ጠቆርክ?» ብለው፣ «ውቂያው ነው» አለኝ። ለአባቴ የገዛሁትን ሹራብ ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ መንገዱን ሙሉ እኔ አውሪ እኔ ሳቂ ሆኜ ሄድኩ። የኮሶዬን ብርድ አውቀው የለ፤ ከሕመም የተነሣ ሰው ይበርደዋል ብዬ ወፍራሙን ነው የመረጥኩት። ጃንጥላውን እንዳስገባሁ፣ ሕዝቡ እልል እንዳለልኝ ነገርኩት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ እስክንወርድ ድረስ አልመለሰም።

ስንወርድ መንገድ ዳር ምግብ ቤት ያላት ሸዋረግ አየችኝና ወደ ጓዳ ገባች። ስማ የማትጠግበኝ ሴት ናት። እሱም አልከነከነኝም። ደጃችን ላይ ሰው ተሰብስቦ ሳይ እንኳ፣ አባቴን ይዘው ሊቀበሉኝ ነው የወጡት አልኩ። በዓይኔ እየፈለግሁት ነበር። እናቴ አባይነሽ ከመካከላቸው ወጥታ ስትመጣ ግን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ጥለቱ አንገቷ ላይ ነው። እኛ አገር ለሐዘን ካልሆነ እንዲያ አይለበስም። ሹራቡን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሁሉም ባንድ ላይ ጮኹ።

ከዚያ በኋላ ማን እንዳነሣኝ፣ ማን ውኃ እንደረጨኝ አላውቅም። ልቅሶው ረገብ ሲል ቁጣዬ መጣ። አንዱዓለምን ክፉኛ ተናገርኩት። አፈር እንኳ ሳላለብሰው፣ በገዛ እምነቴ አታለላችሁኝ አልኩት። ሥላሴ ፊት አስዋሻችሁኝ፤ ሞቶ ድኗል አሰኛችሁኝ፤ ሌላ ውሸት ጠፍቷችሁ ነው ጠበሉን የነካችሁት አልኩት። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ይሰማኛል።

«እሱን ተይው» አለች እናቴ። «እኛ አይደለንም። አባትሽ ራሱ ነው።»

ዞር ብዬ አየኋት።

«ሊያልፍ ሲል እጄን ያዘኝ። ፈተናዋን ሳትጨርስ እንዳታረዷት፣ አሁን ከሰማች ተመልሳ አትሄድም አለኝ። ታዲያ ምን እንበላት አልኩት። ሌላውን ሁሉ ትመረምራለች፣ ጠበል ገብቷል ብትሏት ግን ታምናለች አለኝ።»

እንዲህ የሚያውቀኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር። የምጣላው አጣሁ። ምነው ዋሽቼሽ አውቃለሁ ያልከኝ አንተ አይደለህም ወይ፣ ብዬ የምጠይቀው ሰው የለም። ሹራቡን ታቅፌ ስንሰቀሰቅ ዋልኩ፤ እኔ ያዘንኩት ለሞቱ ብቻ አልነበረም፣ ትቶኝ ሊሄድ እያለ እንኳ ለእኔ ወደ ትምህርቴ መመለስ በማሰቡ ጭምር ነው።

በማግስቱ ቤቱ በለቀስተኛ እንደተሞላ የጎረቤታችን የአያ ባዬ ስልክ ጮኸ። አያ ባዬ ስልኩን አዩና ፊታቸው ተለወጠ። የደወሉት እማሆይ ናቸው። ልባቸው ደክሞ አልጋ ላይ ስለሆኑ፣ ሐኪሙም ድንጋጤ አይችሉም ስላለ፣ የልጃቸውን ሞት እስካሁን አልሰሙም። ሽማግሌዎች ከንስሐ አባታቸው ጋር አይከል ሄደው፣ አጠገባቸው ተቀምጠው ሊያረዷቸው በጸጥታው የተዘጋው መንገድ እስኪከፈት እየጠበቁ ነው። እማሆይ እኔ መምጣቴን ሰምተዋል። ዓይናዲስን ስጡኝ ይላሉ።

አያ ባዬ ስልኩን ዘረጉልኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። «አልችልም፣ አያ» አልኳቸው። «እኔ አልዋሽም።»

ማንም አልገሠጸኝም፣ ማንም አልለመነኝም። አንዱዓለም ብቻ ቀና ብሎ አየኝ። በእነዚያ ወራት ሁሉ ስልኩን ይዞ እንዴት ይቆም እንደነበር ያኔ ታየኝ። እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ።

«እማሆይ።»

«ዓይናዲስ፣ እንኳን መጣሽልኝ» አሉ። «እነዚህ ሁሉም አንድ ቃል ነው የሚነግሩኝ፣ ልቤ እምቢ አለ። አንቺ አትዋሺኝም። ልጄ እንዴት ነው?»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች። የእማሆይ ትንፋሽ በስልኩ ይሰማኛል፤ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እውነቱ አፌ ላይ ነበር።

«ጠበል ገብቷል» አልኳቸው። «ስልክ አያስገቡም።»

«በዓይንሽ አየሽው?»

«አየሁት፣ እማሆይ። እብጠቱ ጎድሏል። ስምዎን ጠርቷል።»

«ተመስገን። አንቺ ካልሽስ አመንኩ» አሉ። ከዚያ እዚያው አልጋቸው ላይ ሆነው፣ በዚያች በደከመች ድምፃቸው፣ እልል አሉ።