ሥሩ ወደ ሰማይ

«ይህን ጉድ መጀመሪያ ያመጣውን ሰው እጁን ይቁረጠው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ እሾህ የወጋውን አውራ ጣቱን እየመጠጠ።

ሁሉም ሳቁ። ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው የበጎ ፈቃደኞቹ መሪ፣ የባዮሎጂ አስተማሪዋ ነበረች። ከጎኗ የቆሙት አባቷ ግን ጓንት ያጠለቁትን እጆቻቸውን ቀስ ብለው ወደ ኋላቸው ወሰዱ።

እጁን ይቁረጠው የተባለው ሰው እሳቸው ነበሩ። የዚህ መናፈሻ አትክልተኛ ሆነው ዕድሜያቸውን ፈጅተው ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። የወፍ ቆሎ የሚባለውን ይህን እሾሃም ቁጥቋጦ እዚህ አፈር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከሉትም እሳቸው ናቸው። ከእሳቸውና ከፈጣሪ በቀር ይህን የሚያውቅ የለም። ልጃቸው የሰፈሩን ሰው አሰባስባ መጤውን አረም መንቀል ከጀመረች ወዲህ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሆድ ይፍጀው ብለው በየቅዳሜው እየመጡ የገዛ ሥራቸውን ሲነቅሉ ኖረዋል።

ቢነግሯት ምን ይመጣ ነበር? ሰዉ ይስቅባቸው ይሆናል፤ ሰው ደግሞ ስቆ ይረሳል። ችግሩ ልጅቷ ናት። «ለምን ተከልከው?» ትላለች፤ አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ የሷ ነገር «ለምን» ነው። ለምን ከተባለ ደግሞ የእናቷ ነገር መነሳቱ አይቀርም። በእነሱ ቤት የእናቷ ነገር ከተነሳ ዘመን አልፎታል።

የወፍ ቆሎ ሲያዩት ያምራል፤ ይህን ጠላቱም አይክድም። ትንንሽ አበቦቹ ተጠጋግተው ቢጫ ሆነው ይፈኩና፣ ውለው አድረው ብርቱካንማ፣ ከዚያ ደማቅ ቀይ ይሆናሉ። ግን አመሉ ክፉ ነው። ጥቁሩን ፍሬ ወፍ ይለቅምና የትም ወስዶ ይዘራዋል፤ እሱ ሥር በሰደደበት ሌላ ተክል አይተነፍስም። የኩሬው ዳርቻ፣ የልጆች መጫወቻው ጀርባ፣ በአጥሩ ሥር ያለው ሁሉ የሱ ሆኗል።

አነቃቀሉ ሥርዓት አለው። ዝናብ ጥሎ ባበራ ማግስት አፈሩ ሲለሰልስ ግንዱ ይቆረጣል፣ ሥሩ በዶማ ይፈነቀላል፣ ከዚያ ፀሐይ እንዲያደርቀው ሥሩ ወደ ላይ ተደርጎ ይከመራል። አፈር ከነካ ያንሰራራል። አስተማሪዋ በየቅዳሜው ጠዋት ሳትሰለች «ሥሩ ወደ ሰማይ!» ትላለች። ፀጉር አስተካካዩም እንደ ወታደር እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ «ሥሩ ወደ ሰማይ!» ብሎ ይመልሳል።

ዛሬ ግን በኩሬው በኩል፣ ከሦስት ሳምንት በፊት አጽድተው በሄዱት መስመር ላይ፣ አንዱ ክምር አረንጓዴ ሆኖ ጠበቃቸው።

አስተማሪዋ ጎንበስ ብላ አንዱን ጉቶ ነካ አደረገችው። ሥሩ ወደ ታች ነው። የሚቀጥለውም ወደ ታች ነው። ይባስ ብሎ አፈር ለብሷል፤ ዙሪያው በመዳፍ ጠበቅ ጠበቅ ተደርጓል፤ ፀሐይ እንዳይመታውም ቅጠል ጣል ተደርጎበታል።

«ይሄ በስህተት የተጣለ አይደለም» አለች። «ተጠንቅቆ ነው የተቀመጠው። እዚህ ጋ የሠራው ማነው?»

ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዷ፣ ጡረተኛ ነርስ፣ ጫማዋን ማየት ጀመረች። ፀጉር አስተካካዩ እንኳን ቀልድ አጣ። ማን እንደሠራ ሁሉም ያውቃል።

«እኔ ነኝ» አሉ አባቷ።

ቀና ብላ አየቻቸው። ተቆጥታ ቢሆን በወደዱ፤ ዓይኗ ውስጥ ያዩት ግን ፍርሃት ነበር። በሩ ላይ ተሰክቶ ያደረውን ቁልፍ፣ ምድጃ ላይ ረስተውት ያረረውን ድስት፣ አሁን ደግሞ ይህን፣ አንድ በአንድ ስትደምር ታወቃቸው።

«አባዬ፣ ደክሞሃል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ለምን ጥላው ሥር ቁጭ ብለህ ውሃ አታቀብለንም?»

«አልደከመኝም።»

«እሺ፣ ግን...»

«አልጃጀሁም ልጄ!» ድምፃቸው ካሰቡት በላይ ወጣ። ጓንታቸውን አወለቁና እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው እጅ አዩት። «እጄ ነው። ዕድሜ ልኩን ችግኝ መሬት ሲያሲዝ የኖረ እጅ፣ ሥር ያለው ነገር ሲሰጡት ሌላ አያውቅም። እኔም አላየሁት፣ አሁን አንቺ ስታነሺው ነው ያየሁት። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ አሉ።»

«እውነታቸውን ነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ትንፋሹ መለስ ብሎለት። «እኔ ራሴ ሚስቴ ስታወራኝ አገጯን ይዤ ወደ ብርሃን አዞራታለሁ። ስንቴ በጥፊ ብላኛለች መሰላችሁ!»

ሳቁ። ልጃቸውም ሳቀች፤ ፍርሃቱ ግን ከዓይኗ አልወጣም። ከዛሬ ጀምሮ በየጠዋቱ ደውላ «መድኃኒት ወሰድክ? ምድጃውን አጠፋህ?» ማለቷ ነው። ጃጀ ተብሎ ከመታዘን፣ ጥፋትን ተናግሮ መወቀስ ሺህ ጊዜ ይሻላል።

«ነይማ» አሏት። «አንድ የማሳይሽ ነገር አለ። ዶማውንና መጋዙን ያዢ።»

ወደ ውሃ ፓምፑ ቤት ጀርባ ወሰዷት። አካባቢው በሦስቱም ዓመት ሳይነካ የቀረ ነው፤ እሳቸው ራሳቸው የተርብ ቀፎ አለበት ብለው ስላስጠነቀቁ ማንም ዝር አላለም።

«ተርቡስ?» አለች ወደ ኋላ ቀረት ብላ።

«ተርብ የለም። ኖሮም አያውቅም።»

ግንዱ የጭን ያህል የወፈረ፣ እስከ ጣሪያው የወጣ የወፍ ቆሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ከላይ እስከ ታች አብቧል። ልጅቷ አፏን ያዘች።

«የመጀመሪያው ይሄ ነው» አሉ። «ወፎቹ ከዚህ ነው የሚወስዱት። የተከልኩት እኔ ነኝ። እጁን ይቁረጠው ስትሉ ሰሚው እኔ ነበርኩ።»

«ለምን?»

ይህ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ፎቅ በጣታቸው አመለከቱ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ባለ አንድ መስኮት የማያውቁት ሰው ሰማያዊ አንሶላ አስጥቷል።

«ያኔ እዚያ ነበር የምንኖረው፤ ሁለት ዓመትሽ ነው። እናትሽ ታማ ስምንት ወር ከአልጋ አልወረደችም። ከመስኮቱ የሚታያት ይሄ ግድግዳ ብቻ ነበር። ‹ለሰው ሁሉ አበባ ትተክላለህ፣ እኔ ሲሚንቶ ሳይ እውላለሁ› አለችኝ፤ እየሳቀች እኮ ነው። ያልሞከርኩት ተክል የለም። አፈሩ ኮረት ነው፣ የሚጸድቅ ጠፋ። ይሄ ብቻ እሺ አለኝ። ከሰው አጥር ላይ ቅርንጫፍ ለምኜ አምጥቼ...»

«አየችው?»

«ቢጫውን አይታለች። ቀዩ ላይ አልደረሰችም።»

ልጅቷ ወደ መስኮቱ አየች፤ ብዙ አየች። ስለ እናቷ የምታውቀው ከመኝታ ቤቱ ፎቶግራፍ አያልፍም ነበር፤ ስትስቅ የሚያሳይም አልነበረም።

«ማን ደንቆሮ ነው የተከለው ስል በየቅዳሜው ዝም ብለህ ትሰማኛለህ?» አለች።

«ደንቆሮስ ደንቆሮ ነኝ። ወፍ ይበላዋል ብዬ አላሰብኩም። እሷ እንድታየው ብቻ ነበር ያሰብኩት።» ዶማውን ከእጇ ተቀበሉ። «በይ እንንቀለው። ይሄ እያለ መቶ ዓመት ብትለፉ አታሸንፉትም።»

«እርግጠኛ ነህ አባዬ?»

መልሳቸው ዶማው ነበር። እሷ ቅርንጫፉንና ግንዱን በመጋዝ ቆርጣ አወረደችው፤ እሳቸው ዙሪያውን ቆፈሩ፤ ሲደክማቸው ተቀባበሉ። ሥሩ ወደ ግድግዳው ሥር ገብቶ ብዙ አስቸገራቸው። በመጨረሻ ሁለቱም ጉቶውን ይዘው ወደ ኋላ ሲሳቡ ተፈነቀለና አባትና ልጅ በአንድነት መሬት ላይ ዘጭ አሉ። ሳቅ ያዛቸው። ሳቁ ካለፈ በኋላም ልጅቷ ፊቷን በእጅጌዋ ትጠርግ ነበር።

አባቷ ተነስተው ጉቶውን በሁለት እጃቸው አቀፉት። ወደ መሬት ዝቅ ሲያደርጉት እጃቸው እንደ ልማዱ ሥሩን ወደ ታች ይዞት ነበር። አዩና መሃል ላይ ቆሙ። ለመገልበጥም ለማስቀመጥም ሳይቆርጡ፣ ጉቶውን እንዳቀፉ ቀሩ።

«አስቀምጠው አባዬ» አለች። «እጅህ እንደለመደው አስቀምጠው። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ከኋላህ እየተከተልኩ እገለብጠዋለሁ።»

አስቀመጡት። ተንበረከኩና በባዶ እጃቸው አፈር አለበሱት፤ በመዳፋቸው መጀመሪያ በዚህ፣ ቀጥለው በዚያ በኩል ጠበቅ አደረጉት። ከወደቁት ቅርንጫፎች አንድ ቅጠል ፈልገው አለበሱት። ከዚያ ቦታውን ለእሷ ለቀው ፈቀቅ አሉ።

«ኧረ ተርቡ ጨረሳችሁ ወይ?» ሲል ፀጉር አስተካካዩ ከወዲያ ተጣራ።

ልጅቷ ጉቶውን ልትገለብጥ ጎንበስ አለች፤ እጇን ዘረጋችና ሰበሰበችው።

«ትንሽ ይቆይ» አለች። ከግድግዳው ሥር ተቀመጠችና፣ አባቷ እንዲቀመጡ አጠገቧ ያለውን መሬት በእጇ ጠረገች።