የዲስኩ መያዣ

ሰፈርተኛው «ጠቢቡ» ይለዋል። የመጋረጃ ማያያዣ ቢሰበር፣ የማጠቢያ ማሽን እጀታ ቢወልቅ፣ ልኩን ወስዶ ይሄዳል፤ መኝታ ቤቱ ጥግ ያቆማት የስሪዲ ማተሚያ ፕላስቲክ እያቀለጠች፣ ክር በክር እየደራረበች ምትኩን ታወጣለታለች። እናም ታላቅ እህቱ በገዛችው አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ሃርድ ዲስኮቹን የሚይዘው ብረት ጎድሎ ሲገኝ፣ ሌላ ሰው ጋ ልሂድ ማለቷን እንደ ስድብ ቆጠረው።

እህቱ የጥልፍ ንድፍ ሠሪ ናት። ከወጣትነቷ ጀምሮ የሣለችው ሁሉ በአንደኛው ዲስክ ላይ አለ፤ ቅጂው በሁለተኛው። ጠቢቡ ሁለቱን ደርቦ የሚይዝ ቀይ መያዣ ሠርቶ አመጣላት።

«ይችላል?» አለች፣ በጣቷ ነካ አድርጋ።

«ይችላል ወይ? እይው እንግዲህ!» መሬት ላይ አስቀምጦ በሁለት እግሩ ቆመበት። መያዣው ንቅንቅ አላለም።

«በል ውረድ! እኔ ዲስክ እንጂ አንተን አላስቀምጥበትም» ብላ ሳቀች።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ሊጠይቃት ጎራ ብሎ ሲወጣ በሩ ላይ አስቆመችው።

«ሳልረሳው፣ ይሄ የኮምፒውተሩ ሳጥን ማንጎራጎር ጀምሯል። ከፍተህ ብታየው?»

«አቧራ ይሆናል፣ እትዬ።»

«መያዣው ይሆን እንዴ?»

«የኔን ሥራ ነው የምትጠረጥሪው? ቆሜበት አላየሽም?» አለ፤ ኩርፊያ ቢጤም ተሰማው። ብሎን መፍቻው ኪሱ ውስጥ ነበር። ሳይከፍተው ሄደ።

ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን፣ ኮምፒውተሩ አንድ ትልቅ ንድፍ ሲያሰናዳ ውሎ ከሰዓት በኋላ ቀጭ የሚል ድምፅ አሰማና ጸጥ አለ።

እህትና ወንድም ሳጥኑን ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ወሰዱት። ጠጋኙ ከፍቶ ቀዩን መያዣ በጉጠት አወጣው። እንደ ደከመው ውሻ ምላስ ተንጠልጥሏል። ሁለቱም ዲስኮች እየተሽከረከሩ ሳሉ ሾልከው ከታች ወድቀዋል።

«ይሄ ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ነው» አለ። «ሲሞቅ ግን ሸክሙን እንደያዘ ቀስ እያለ ይጎብጣል። እዚህ ውስጥ ደግሞ ምድጃ ነው። ቅጂውንም እዚሁ ላይ ደርበውታል እንዴ፣ እናቴ?»

«ይመለሳል ወይ?» አለች።

ጠጋኙ ራሱን ነቀነቀ። «ሁለቱም ውስጣቸው ተፋፍቋል። ለመሆኑ ማን ነው የሠራው?»

ጠቢቡ ዓይኑን ቀዩ መያዣ ላይ ተከለ።

«ከገበያ ነው የገዛሁት» አለች፣ ወደ ወንድሟ ሳታይ።

«የሸጠልዎትን ሰው ካገኙት ጆሮውን ይቆንጥጡልኝ!»

«እኔ ነኝ» የምትለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣች። ከምራቁ ጋር ዋጣት። ጠጋኙም ሌላ ደንበኛ ሊያስተናግድ ዞረ።

መንገድ ላይ፣ «ለምን ዋሸሽ?» አላት።

«ሰው ፊት ላዋርድህ?»

«እኔው ራሴ መናገር ነበረብኝ።»

«ነበረብህ» አለች። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

ቤቷ ሲደርሱ ከልብስ ሣጥን ውስጥ አሮጌ ጥልፎቿን አወጣች፤ የተረፈውን ከጨርቅ ላይ እያየች በእርሳስ ልትገለብጥ። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ሙቀት የሚችል ዓይነት አለ፤ በእሱ እንደገና—»

«ተወው፣ ወንድሜ። ብረት አስገባበታለሁ።»

«እሺ፣ ይሄን ላግዝሽ?»

«ስፌቱን ትለየዋለህ?»

አይለይም። የጠረጴዛ መብራቱን ልታቀርብ ስትጎትት የመብራቱ አንገት ማጠፊያ ተሰንጥቆ በጨርቅ ቅዳጅ ተጠምጥሞ አየ። ቋጠሮው አድፏል፤ ከታሰረ ሰንብቷል። ድሮ ቢሆን በዚያው ቀን «ና እንጂ፣ ጠቢቡ!» ብላ ታስጠራው ነበር። መጥራት የተወችው ኮምፒውተሩ ሳይሰበር በፊት፣ ያኔ ሳጥኑን ሳይከፍት ከሄደ ጀምሮ መሆኑ ገባው።

እሷ አንገቷን ደፍታ መሣሏን ቀጠለች። መብራቱ ቀስ ብሎ ዘመመ፤ ቀና አድርጋ፣ ቋጠሮውን በጥርሷ ጠበቅ አደረገችው።