መቶ ሃያ ስምንት በሰማንያ

ቤቴል ሐሙስ ሐሙስ መምህር ሶርሳ ቤት መግባት ከጀመረች ስምንት ወር ሆኗታል። ሶዶ ውስጥ፣ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለ ቀበሌ የቤት ለቤት ጤና ሠራተኛ ናት። የደም ግፊት መለኪያዋን በትከሻዋ አንግታ፣ ባጃጅ እምቢ የሚለውን ዳገት በእግሯ እየወጣች፣ አርባ ሦስት አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዳ ታያለች። ዓላማው ሽማግሌዎቹ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሳይወድቁ በገዛ ቤታቸው በጤና እንዲኖሩ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል የጤና ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው ባነር። ቅጠሏ እንግዲህ ቤቴል መሆኗ ነው።

ከአርባ ሦስቱ ሁሉ መምህር ሶርሳ ይለዩባታል። ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆነዋል፤ እሷም እዚያው ዘማሪ ናት። የመጀመሪያ ቀን ስትለካቸው መቶ ዘጠና በመቶ አሥር አገኘችና ክው አለች። እሳቸው ግን ጎደሬያቸውን ጨው በበዛበት የቃሪያ ዳጣ እያጠቀሱ፣ «እኔን ምን አመመኝና ነው የምትደነግጪው?» አሏት።

ያን ሰው ከዳጣ ማላቀቅ ሕፃን ጡት ከማስጣል ይብሳል። ቢሆንም ለመነች፣ ተቆጣች፣ ባለቤታቸውን እትዬ ሰገነትን ከጎኗ አሰለፈች። ኪኒኑን በየወሩ ከጤና ጣቢያ ራሷ እያመጣች፣ ጠዋት ጠዋት ከጸሎት በኋላ እንዲውጡት አስለመደቻቸው። በስምንተኛው ወር መለኪያው መቶ ሃያ ስምንት በሰማንያ አለ። ቤቴል እልል ልትል ምንም አልቀራት። ቁጥሩን በካርድ ላይ በትልቁ ጽፋ ሰጠቻቸውና፣ «ጌታ ይመስገን፣ መምህር!» አለች።

በዚያ ሰፈር ደስ ያለው ሰው የሚለው ይህንኑ ነው። ኪኒን ይመስገን የሚል ማን አለ?

እሑድ በምስክርነት ሰዓት መምህር ሶርሳ ካርዱን ይዘው ብድግ አሉ። ከሦስት ሳምንት በፊት ወንድም ኤልሳዕና ሌሎቹ ሽማግሌዎች እጃቸውን ጭነው ጸልየውላቸው ነበር። «ወገኖቼ፣ እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ቁጥር አይዋሽም» አሉ ማይኩን ጠበቅ አድርገው። «መቶ ዘጠና ነበርኩ፤ ዛሬ መቶ ሃያ ስምንት ነኝ። ጌታ ፈውሶኛል! የለካችኝም ልጅ እነኋት፣ መዘምራን መካከል ቆማለች።»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሰው ሁሉ ወደ ቤቴል ዞረ። ምን ትበል? የመዘምራን ልብስ ለብሳ፣ ሦስት መቶ ሰው እያያት፣ አስተማሪዋንና ሽማግሌዋን በጉባኤ ፊት «የለም፣ ኪኒኑ ነው» ትበላቸው? ከዚያ ይልቅ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጥ ነበር። «አሜን» አለች። ጮክ ብላ ነው ያለችው።

ሐሙስ ስትሄድ የኪኒኑ ፌስታል ተቋጥሮ ጠረጴዛ ላይ ጠበቃት።

«ይኼን ውሰጂልኝ» አሏት መምህር ሶርሳ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ። «ተፈወስኩ ብዬ ከመሰከርኩ በኋላ ኪኒን ብውጥ፣ እግዚአብሔርን ውሸታም አደረግሁት ማለት ነው።»

«መምህር፣ ጸሎቱንም አልናቅሁም። ግን ቁጥሩ የወረደው እኮ በዚህ ነው። ካቆሙት ተመልሶ ይወጣል።»

ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት፤ ሰሌዳ ፊት አቁመው ስሌቷን የሚጠይቋት ይመስል። «እንግዲያው እሑድ ለምን አሜን አልሽ?»

መለኪያዋን በትከሻዋ አነገተች። ፌስታሉን ግን አልወሰደችም። «ለማንኛውም እዚሁ ይቀመጥ» ብላ ወጣች። ክንዳቸውንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለመለኪያ ከለከሉ፤ የጌታ ሥራ ሁለት ጊዜ አይለካም አሉ።

ቤቴል ዝም ብላ ተቀመጠች እንዳይባል ተቆጣጣሪዋን አቶ ጌታሁንን አማከረች። ጌታሁን ቅጹን ገለጠና፣ «መድኃኒቱ ቤታቸው አለ?» ሲል ጠየቃት።

«አለ። አይውጡትም እንጂ።»

«በቃ፣ አለ ብለሽ ሙዪ። ቅጹ ዋጡ አልዋጡ አይጠይቅም። ደግሞ እሳቸው ሞዴላችን ናቸው፤ ለዞን ሪፖርት ፎቷቸውን ልኬያለሁ።»

ከዚያ ወደ ወንድም ኤልሳዕ ሄደች። ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ደግ ሰው ነው፤ ኪኒን ጣሉ ብሎ የሰበከበትም ቀን የለም። አንድ ቃል ብትነግረው መምህር ሶርሳን ጠርቶ፣ «ወንድሜ፣ ጌታ በሐኪምም ይሠራል፤ ዋጥ» ባላቸው ነበር፤ ቃሉንም ይሰሙታል። ሱቁ በር ላይ ስትደርስ ግን እሱ ቀደማት። «ቤቴልዬ! ያንቺ አሜን ስንቱን ሰው አጸና መሰለሽ!» ቤቴል ፈገግ አለች፤ ሁለት ጥቅል ክር ገዝታ ተመለሰች። ክሩ ለምንም አይሆናትም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኸው ነው፤ ፈሪ ሰው ደግሞ ፍርሃቱን አክብሮት ብሎ ይጠራዋል። በየወሩ አዲሱን ኪኒን እየወሰደች ፌስታሉ ውስጥ ጨመረች፤ ቅጹም ላይ «አለ» እያለች ጻፈች።

ኪኒኑን ባቆሙ በአሥራ አንደኛው ሳምንት መምህር ሶርሳ ፊታቸውን ሊታጠቡ ደጅ እንደወጡ ወደቁ። ከሆስፒታል ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸው ከድቷቸዋል፤ አንደበታቸውም ተይዟል። ሽማግሌዎቹ ሊጸልዩላቸው መጡ። ወንድም ኤልሳዕ ወንበር ሊስብ ጎንበስ ሲል፣ ከአልጋው ራስጌ ያንን ፌስታል አየው፤ በኪኒን ተወጥሯል። ጸለየና ወጣ። በሳምንቱ ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው፤ መምህር ሶርሳ ለካ በአደባባይ ተፈወስኩ እያሉ በጓዳ ኪኒን ይውጡ ነበር፤ በጉባኤ ፊት ዋሽተው ነው የተመቱት። ከሽማግሌነት ይነሱ አይነሱ የሚል ነገርም ተጀመረ።

እትዬ ሰገነት ቤቴልን ያስጠራቻት ያን ጊዜ ነው። ከአልጋው አጠገብ አቁማ በተሰበረ አማርኛዋ ለመነቻት። «እሱ ሁሉን ይሰማል፤ መመለስ ነው ያቃተው። ሌሊትም ቀንም ያለቅሳል። እኔ ውጥ ብዬ ለመንኩት፣ እምቢ አለ። አሁን ውሸታም ብለው ሊቀብሩት ነው። አካሉስ ሄደ፤ ስሙ እንኳ ይትረፍ። ቤቴል፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ንገሪልኝ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አምስቱ ሽማግሌዎች በመምህር ሶርሳ አልጋ ዙሪያ ተሰበሰቡ። ቤቴል ፌስታሉን መሬት ላይ ዘረገፈችው። የኪኒኑን እሽግ አንድ በአንድ እያነሣች አሳየቻቸው። ከምስክርነቱ በኋላ የመጣው ሁሉ እንደታሸገ ነው፤ አንድ ፍሬ የጎደለበት የለም።

«ከመሰከሩበት እሑድ ጀምሮ አንዲትም አልዋጡም» አለች። «በየወሩ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እንዳልዋጡትም አውቅ ነበር።»

ይህን ካለች በኋላ አንዱ ተነሥቶ፣ «ታዲያ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?» እንዲላት ጠበቀች። እንዲላትም ፈለገች። አንድም ሰው አልጠየቃት። ወንድም ኤልሳዕ እንባ ባቀረሩ ዓይኖቹ ወደ አልጋው ተጠጋና የመምህር ሶርሳን ግንባር ሳመ።

«ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። እስከ መጨረሻው ታማኝ ነበርክ!»

«የወደቁት ስላልዋጡ ነው» አለች ቤቴል። «ቢውጡት ኖሮ ዛሬ እዚህ...»

«አሁን እሱን ተይው፣ ልጄ» አላት ኤልሳዕ በፍቅር። «ስሙ ነጻ ወጥቷል፤ ይበቃል።» መዝሙር ተጀመረ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ያ ውሻ እንኳ ከዱላ በቀር የሚጠብቀው የለም፤ ቤቴልን ግን መረቋት። መምህር ሶርሳ በደህናው እጃቸው ጣቶቿን ያዙ። የሚታዘዛቸው የፊታቸው ግማሽ ፈገግ አለ። ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ ያን ቀን መጀመሪያቸው ነበር፤ በስምንት ወር ልፋቷ እንዲህ አድርገው አመስግነዋት አያውቁም።

እትዬ ሰገነት እስከ ውጭው በር ሸኘቻት። እዚያ ሲደርሱ በዕድሜ እናቷ የምትሆነው ሴት ጎንበስ ብላ እጇን ሳመች፤ ቤቴልም እጇን አልሳበችም።