ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ሰው

«ልጄን ደብቃ ያቆየችልኝ ይቺ ናት» አሉ እማማ ብዙወርቅ የሃዊን ጉልበት ይዘው። ለቅሶ ሊደርሱ የገቡት የእናትየው ሰፈር የሳሪስ አቦ ሴቶች ቀና ብለው አዩዋት። «ተባረኪ!» አለች አንዷ፤ ሌላዋ እፍኝ ንፍሮ ዘግና ሰጠቻት። ሃዊ ተቀበለች፤ ምን ታድርግ? የሟች እናት አጠገባቸው ፍራሽ ላይ ያስቀመጧት ሰው አልበላም አይል።

ሩት ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሦስቱንም ቀን ሃዊ ስትመሰገን ነው የዋለችው። ሩት በሕይወት ሳለች በስልክ ስሟን ደጋግማ ጠርታላቸው ኖሮ፣ ሃዊ ነኝ እንዳለች እናትየው ገና ከድንኳኑ ደጃፍ አውቀዋታል።

ከጥግ ሹክሹክታ ይሰማል።

«ባልየውስ?»

«ጣቢያ ነዋ። ገድሎ የት ይሄዳል!»

«ምነው ከዚያ መጠለያ ባልወጣች!»

«ሽማግሌዎች ናቸው ያስወጧት አሉ።»

«እነሱስ ቤቱን ማን አሳያቸው? በሩንስ ማን ከፈተላቸው?»

ሃዊ የቀረውን ንፍሮ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

ሃዊ የሦስተኛ ዓመት የሶሻል ወርክ ተማሪ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ቃሊቲ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ባለ የተደበደቡ ሴቶች መጠለያ በነፃ ታገለግላለች። ሩትን ያወቀቻት እዚያ ነው። ሩት ከንፈሯ ተሰፍቶ እንኳ ሰው የምታስቅ ሴት ነበረች። «አታስቂኝ፣ ክሩ ይጎትተኛል» ትልና ራሷ የባሰ የሚያስቅ ትጨምራለች። ትምህርቷን ከአስረኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። የሃዊን ደብተር ነጥቃ እንደ አስተማሪ ትጠይቃታለች፤ ሃዊ ስትሳሳት «ሰነፍ! እንዲህ ሆነሽ ነው እኔን የምታድኚኝ?» ትላታለች።

የመጠለያው ደንብ አንድ ነገር ላይ አይቀልድም፤ አድራሻው ለማንም አይነገርም። ሃዊ ፈርማለች። አባቷ አቶ ደበላ ግን ሩትና ባሏ የሚኖሩበት ሰፈር ሽማግሌ ናቸው። «እናንተ ዘንድ ናት አይደል? ባሏ ተጸጽቷል ልጄ። እኛ እያለን ትዳር ይፈርሳል?» አሏት አንድ ማታ። አባቷን እምቢ ብላ አታውቅም። ነገረቻቸው።

በማግስቱ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች በሩን አንኳኩ። ባልየው አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ አቧራው ላይ ተንበርክኳል። ሃዊ በቀዳዳ ስታየው ዕንባዋ መጣ። ኃላፊዋ አልነበረችም። ወደ ሩት ክፍል ሮጣ፣ «ድንጋይ ተሸክሞ ለመጣ ሰው እምቢ ይባላል? እኔ ብሆን እወጣለሁ!» አለቻት። ባል ቀርቶ የወንድ ጓደኛ እንኳ የሌላት ልጅ! በሩንም በገዛ እጇ ከፈተችው። ሩት ከወጣች ሁለት ወር አልሞላትም፣ ሞተች።

አቶ ደበላ አሁን ባርኔጣቸውን አውልቀው ድንኳኑ ገቡ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብለው ሳይጨርሱ እማማ ብዙወርቅ አቋረጧቸው።

«አቶ ደበላ፣ ልጄ ያለችበትን ማን ነገረዎት?»

የጥጉ ሴቶች አንገታቸውን አሰገጉ።

«ጠያይቄ ደረስኩበት» አሉ አቶ ደበላ ልጃቸውን ሳያዩ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ማንም የለበትም።»

ሃዊ እፎይ አለች። ከከፈተችው በር ይልቅ ያሳፈራት ይህች እፎይታ ናት። አንገታቸውን ደፍተው የቆሙት ሽማግሌ አባቷ ናቸው፤ ልጃቸው ደግሞ ከኋላቸው ተደብቃ በምስጋና ልትቀመጥ ነው።

«አየሽ ልጄ?» አሉ እማማ ብዙወርቅ ወደ እሷ ዞረው። «አንቺ ደብቀሽልኝ፣ እነሱ ደግሞ…»

«እማማ፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«አባቴ ናቸው። የነገርኳቸው እኔ ነኝ። በሩንም የከፈትኩት እኔ፣ ውጪ ያልኳትም እኔ ነኝ።»

አንዲት ሴት «ኧረ ጉድ!» አለች። አቶ ደበላ ባርኔጣቸውን ጨበጡ። እማማ ብዙወርቅ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ።

«ውጪ ስትያት፣ ልጄ ምን አለችሽ?»

ሃዊ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«‹አንቺ ካልሽ እሺ› አለችኝ።»

የእናትየው እጅ ተነሳ። ሃዊ ዓይኗን ጨፍና ጉንጯን አቀረበች፤ ጥፊው መጥቶ በገላገላት። አልመጣም። ዓይኗን ስትገልጥ፣ እማማ ብዙወርቅ በሁለታቸው መካከል የተጨማደደውን የፍራሹን አንሶላ በመዳፋቸው ቀስ እያሉ ያቃናሉ።