ስድስተኛው ቤት

እንድሪስ የኮምፒውተሩን ክዳን አንስቶ ውስጡን በባትሪ ሲያበራ ቆየና ፊቱ ተለወጠ። ሞጣ ውስጥ ራዲዮና ስልክ ሲጠግን ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል፤ እንዲህ ያለ ማሽን ግን ሲያይ ይህ ሁለተኛው ነው።

«ሜሞሪ የሚሰካበት ሁለት ቦታ አለው» አለ። «አንዱ ባዶ ነው። ግን ባዶ አልነበረም፤ ሰው ነው የነቀለው።»

ሥርጉት ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልላ፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ አንድም ጊዜ ከጭኗ ሳታወርድ ነው የመጣችው። እሑድ ከእጮኛዋ ከስጦታው ጋር ትጋባለች፤ ድግሱ ተደግሷል፤ ጠላው ተጠምቋል። የስጦታው እናት ወይዘሮ ባንቺዓለም ግን አንድ ቃል ተናግረዋል። «ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጄን አልድርም።» እስከ ሰባት ትውልድ የሚዛመድ አይጋባምና ማንም አልተከራከራቸውም።

ዘር ቆጣሪው የሥርጉት አባት ነበሩ። መምህር ማናዬ አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ትቶላቸው በሄደው በዚህ ኮምፒውተር የቢቸናን፣ የጉንደ ወይንንና የየጁቤን ዘር ሃያ ዓመት ሙሉ ሲለቅሙ ኖረዋል። ፕሮግራሙን ራሳቸው ጻፉት፤ ፊደሉንም ነጥብ በነጥብ ራሳቸው ሳሉት። የሁለቱ ወገን ስም ጎን ለጎን ይወርዳል፤ አንድ ሰው በሁለቱም በኩል ከተገኘ ስሙ ይቀላል። ስንቱን እጮኛ አስለቅሰው መልሰዋል! አንድ ቤት እንዲተዉለት የለመናቸውን ሁሉ «ዝምድና በልመና አይፈታም» ይሉት ነበር።

አምና ለጥምቀት ስጦታውን ይዛው ስትመጣ ግን የአያት የቅድመ አያቱን ስም ጠየቁትና ኮምፒውተራቸው ፊት ተቀመጡ። በማግሥቱ «ለእናንተ አምስት ይበቃል» አሏት። ለእሷ ሲሉ የለዘቡ መስሏት ደስ አላት። ከሁለት ወር በኋላ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ሜሞሪ አነሰኝ ብሎ ይቆማል።

እንድሪስ ስሌቱን የሚሠራውን አሮጌ ፕሮሰሰር ከነካርዱ ሳበው። በእሱ ሰባት ቤት ለመቁጠር ዐሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ የሞጣ መብራት ደግሞ ሦስት ሰዓት አይቆይም። በምትኩ ከጨረታ ከገዛው የተበላሸ ማሽን ያወጣውን ፈጣኑን ሰካ። ሜሞሪ ሊፈልግ ሲል ጣቱ ከዲስኩ ሥር አንድ ነገር ነካ። በወረቀት የተጠቀለለ ሜሞሪ ነው። ወረቀቱ ላይ በመምህር ማናዬ እጅ «ጥር ፲፪» ተብሎ ተጽፏል።

የጥምቀት ማግሥት።

«ልሰካው?» አለ እንድሪስ ቀስ ብሎ።

ሥርጉት ፈራች። ወደ ቢቸና መመለስ ትችል ነበር። ግን ሳታውቀው ብትቀር፣ ልጅ በወለደች ቁጥር የልጇን ፊት ስትመረምር መኖሯ ነው።

«ይስኩት ጋሽ እንድሪስ።»

ቆጠራው ዐይኗ እያየ ይወርድ ጀመር። አንደኛው ቤት ነጭ፣ ሁለተኛው ነጭ፣ ሦስተኛውም። አራተኛው ላይ ቀና ብላ አምፖሉን አየች። መብራት በዚህ ሰዓት ሳይጠፋ የዋለበትን ቀን የሞጣ ሰው አያስታውስም። ጥፋ፣ አለች በልቧ፤ አንዴ ብቻ ጥፋ። አምፖሉ ብልጭ እንኳ አላለም። አምስተኛው ነጭ።

በስድስተኛው፣ በግራም በቀኝም አንዲት ሴት ወረደች። ሀብትነሽ፣ የየጁቤ። ስሟ በሁለቱም በኩል ቀላ።

እንድሪስ ከንፈሩን መጠጠ። የሥርጉት ስልክ ጠራ፤ ስጦታው ነበር።

«ቆጠረ?»

ወረቀቱን በመዳፏ ጨበጠችው። «ሜሞሪ አነሰው» አለች። «እስከ አምስት ንጹሕ ነው። ለእኛ አምስት ይበቃል።»

ከአፏ የወጣው የአባቷ ቃል ነበር። ስልኩን ዘጋችና ወደ እንድሪስ ዞረች። «ይንቀሉልኝ።»

እንድሪስ መፍቻውን አላነሣም። «ልጄ፣ ወይዘሮ ባንቺዓለም ጠዋት ደውለውልኝ ነበር» አላት። «ውጤቱን ከእኔ አፍ ነው መስማት የፈለጉት።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኩ ጠራ። መብራቱ አሁንም አልጠፋም።